ሁለተኛው ምት

ጆሮ ያለህ ቅረብ፤ ጆሮ የሌለህ ከጎረቤትህ ተዋስ! በዴፖው አጥር ሥር ለምትኖረው፣ በትኬት ለምትሳፈረውም በመስኮት ለምትሳፈረውም፣ ለተቀማጩም ለቋሚውም ይህ ቃል ይድረስህ። «አላውቅም» የምትባለውን ቃል ሳይዝ የተወለደው፣ ከወተት ጥርሱ እስከ ሽበቱ በአፉ አሳልፏት የማያውቀው፣ የባቡር ጎማ መቺው፣ ባለረጅሙ መዶሻ፣ ጋሽ ያለጥርጥር በክብር ጡረታ ወጥቷል። በቦታውም እንደሱ የማይጠራጠር ማሽን ተሹሟል። ከዛሬ ጀምሮ ሲጠራጠር የተገኘ ተሳፋሪ ጥፋቱ የገዛ ራሱ ነው!

እንዲህ ያለ አዋጅ በእርግጥ አልተለፈፈም። ለትንሽ ሰው ነጋሪት አይጎሰምም፤ ቢበዛ ሻይ ይፈላለታል። ሻዩ ተፈልቶ የዴፖው ኃላፊ ንግግር ባደረገ ጊዜ ግን የተናገረው ከዚሁ ብዙም አልራቀም።

ጋሽ ያለጥርጥር ይህን ስም ያገኘው ከአባቱ ሳይሆን ከአፉ ነው። ሥራው ጠዋት ጠዋት፣ ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት፣ በሐዲዱ ጎን እያዘገመ እያንዳንዱን የብረት ጎማ በመዶሻ መምታትና ማዳመጥ ነበር። ጤነኛ ብረት ሲመቱት ይዘፍናል፤ ድምፁ ይረዝማል። የተሰነጠቀው እንደ ነቃ ሸክላ ዷ ብሎ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ዘፈኑን ጀምሮ ግጥሙ የጠፋበት ሰካራም የሚመስል ድምፅ አለ። ጋሽ ያለጥርጥር መካከል የሚባል ነገር አይወድም። ቀና ይልና «ደህና ነው፤ ያለጥርጥር» ይላል፤ ወይም «ተሰንጥቋል፤ ያለጥርጥር» ይላል፤ ያልፋል።

ይህ ጠባይ ሐዲድ ላይ ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። መንገድ የጠፋበት ሰው ቢጠይቀው ረግጦት የማያውቀውን ሰፈር በጣቱ እየጠቆመ ያስጉዘዋል፤ አንዱ እንግዳ ሲዞር ሲዞር ውሎ በመጨረሻ እዚያው ጋሽ ያለጥርጥር በር ላይ ደርሶ ውሃ ለመነ ይባላል። ሰማዩን አይቶ «ዛሬ ጠብ አይልም፤ ያለጥርጥር» ካለ ባለቤቱ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ የተሰጣ ልብሷን ታስገባለች። አንዲት ልጁ በሕፃንነቷ ሰውነቷ ቀልቶ ስታለቅስ «ሙቀት ነው፤ ያለጥርጥር» አለ፤ ኩፍኝ ሆኖ ተገኘ። ሰፈርተኛው ይስቅበታል እንጂ አይጣላውም። እርግጠኛ ሰው እንደ ምድጃ ነው፤ ሁሉም ሊሞቀው ይጠጋል፤ ቤት ሲያቃጥል ነው የሚሸሹት።

ሆኖም አፉ የማይናገረውን እጁ ይናገር ነበር። የለየለትን ጎማ አንዴ ይመታዋል። ያልለየለትን ሁለቴ። አንዴ ይመታል፤ ትንፋሹን ይይዛል፤ ይደግማል። ከዚያ ያው «ደህና ነው፤ ያለጥርጥር»። በዴፖው ይህን ልብ ያለ አልነበረም፤ ልብ ያለ ቢኖርም ጥንቃቄ መስሎታል። እሱ ራሱም ቢሆን እጁ የሚሠራውን አፉ እንዲሰማ አልፈቀደም።

ከጡረታው በፊት በነበረው ዓመት አንዲት ወጣት ኢንጂነር ኮምፒውተሯን ታቅፋ መጣች። ጎማ የሚመታና የሚያዳምጥ ማሽን ሊሠራ ነው። ማሽን ደግሞ እንደ ማንኛውም ተማሪ አስተማሪ ይፈልጋል፤ አስተማሪው ጋሽ ያለጥርጥር ሆነ። በመዶሻው አንገት ላይ ማይክ አሰረችለት፤ ደረቱ ላይ ሦስት ቁልፍ ያላት ትንሽ ሳጥን አንጠለጠለችለት። አረንጓዴው «ደህና»፣ ቀዩ «ስንጥቅ»፣ ቢጫው «አላውቅም»። ክረምት ከበጋ እየመታ፣ እየተጫነ አስተማረ። ሳጥኗ ስትመለስ የአረንጓዴውና የቀዩ ቀለም ተልጦ ነበር፤ ቢጫው ላይ ግን ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ እንኳ አልተነሳም።

ኢንጂነሯም የድርሻዋን ሠራች። የተቀዳውን ድምፅ አጸዳችው። ሳሉን ቆረጠች፣ የእግር ኮቴውን ቆረጠች፣ ያችን «ያለጥርጥር» ቆረጠች፤ ለእያንዳንዱ ጎማ አንዲት ጥርት ያለች ምት አስቀርታ የቀረውን ጣለች። ማሽኑ ተማረ፤ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ደህና፣ ዘጠና ስምንት በመቶ ደህና እያለ አፉን ፈታ። በሽኝቱ ሻይ ላይ የዴፖው ኃላፊ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ፣ «ማሽናችን የጋሻችንን ጆሮ ወርሷል፤ አንድ ቀን እንኳ ሲያመነታ አላየነውም» አለ። ተጨበጨበ። ጋሽ ያለጥርጥርም የወርቅ ቀለም የተቀባ መዶሻ ተሸልሞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ምስማር ላይ ሰቀለው። ቀለሙ ከመወፈሩ የተነሳ ቢመቱበት እንኳ የማይጮህ መዶሻ ነው። ለጡረተኛ የሚመጥን መሣሪያ ማለት ይህ ነው።

ቤቱ ከዴፖው አጥር ጀርባ ነው። የጡረታው የመጀመሪያ ጠዋት ሻዩን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ከአጥሩ ማዶ ማሽኑ ሥራ ጀመረ። ድንን። ድንን። ድንን። ከሐዲዱ ሥር ከተቆፈረለት ጉድጓድ የብረት ክንዱን እየሰደደ፣ በላዩ የሚያልፈውን ጎማ ሁሉ አንዴ አንዴ ይመታል። ጋሽ ያለጥርጥር ብርጭቆውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። የሆነ ነገር ጎድሏል። ምን እንደሆነ ሳይገባው ባቡሩ ሄደ፤ ሻዩም ቀዘቀዘ።

በማግስቱም እንደዚያው። እያደር ገባው፤ ለካ ሁለተኛውን እየጠበቀ ኖሯል። ከዚያ ሁሉ ጎማ አንዱ እንኳ ሁለተኛ ምት አያገኝም። ደረጃ ላይ አንድ እርከን የጎደለ ያህል ነው፤ እግር ይሰነዘራል፣ መሬት የለም። ድንን ይልና ጸጥ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ሰው መዶሻ እንዳነሳ፣ ትንፋሹን እንደያዘ ቆሟል። ሰውየውን ያውቀዋል። ጀርባውንም፣ የጎበጠ ትከሻውንም፣ የተበሳ ኮፍያውንም ያውቃል። የራሱ ነው። ራሱን ከገዛ መስኮቱ ውጭ ቆሞ ማየት ለማንም አይመከርም።

ከዚያ ጎማዎቹ ይመጡበት ጀመር። አንዴ የመታቸው አልመጡም፤ ሁለቴ የመታቸው ናቸው። ከሁሉም አንዱ አላስቀምጥ አላስቆም አለው። በሥራው ማብቂያ ሰሞን ነበር፤ ሦስተኛው ፉርጎ፣ በሩ በሰማያዊ ቆርቆሮ የተጠገነው፣ የኋላ ግራ ጎማ። መታው፤ ጎማው ዘፈኑን ጀምሮ ግጥሙ ጠፋበት። ደገመው፤ ያው። ኃላፊው ከመድረኩ ላይ ሆኖ ሰዓቱን በጣቱ እየነካካ ያሳየዋል፤ ባቡሩ ዘግይቷል። ጋሽ ያለጥርጥር አረንጓዴውን ተጫነ።

በዚያ ፉርጎ ልጁ ትሳፈራለች። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ሦስተኛው ፉርጎ ውስጥ፣ መስኮት ሥር፣ በስሟ የተጻፈ እስኪመስል የለመደችው ወንበር አላት። አንድ ቀን ጫማዋን ስታስር አባቷ በላይዋ ቆመ።

«አራተኛው ፉርጎ ይሻልሻል» አላት።

«ለምን አባዬ? ሦስተኛው ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ?»

«አራተኛው ደህና ነው። ያለጥርጥር።»

ልጅቱ እናቷን አየቻት፤ እናቷ ትከሻዋን ሰበቀች። ሥራ የፈታ ሰው የሰው ወንበር ይቆጣጠራል ብለው ተጠቃቀሱ። ቢሆንም አባት ነውና ልጅቱ ወንበሯን ትታ አራተኛው ላይ ቆማ መሄድ ጀመረች። እሱም ትንሽ ቀለለው። ጸጥታው ግን አልለቀቀውም። ማሽኑ ድንን ባለ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ፣ ጉልበቱ ላይ፣ የአልጋው ጠርዝ ላይ ጣቱ የጎደለውን ምት ይሞላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኢንጂነሯ ቤቱ መጣች። ከስታለች፤ ወንበር ሲሰጧትም ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠችው። የመጣችበትን ለመናገር ብዙ ዞረች፤ ስለ ጤናው ጠየቀች፣ ስለ ወርቁ መዶሻ ጠየቀች፣ በመጨረሻ ወጣላት። ማሽኑ ሰምቷቸው የማያውቃቸውን ጎማዎች ለብቻ አስቀምጣ፣ ማሽኑ ፍርዱን ከሰጠ በኋላ በአልትራሳውንድ አስመርምራቸው ነበር። እርጉዝ የምትታይበት ዓይነት መሣሪያ ነው፤ ብረትም ሆዱ ውስጥ ያለውን አይደብቀውም። ማሽኑ «ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ደህና» ካላቸው ጎማዎች መካከል ከመቶው አንዱ ብቻ ቢሰነጠቅ ወግ ነው። ስምንት ሆኑ።

«መሳሳቱ አይደለም የሚያስፈራኝ ጋሼ» አለች። «ማንም ይሳሳታል። ዘጠና ካለ ከመቶው ዘጠናው ይውጣለት፤ ስድሳ ካለ ስድሳው። ያኔ ሰው ምን ያህል እንደሚያምነው ያውቃል። ይሄ ግን ሲያውቅም ሳያውቅም በአንድ ድምፅ ነው የሚናገረው።»

ባለቤቱ ከማጀቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ኢንጂነሯ ነገሩን ለኃላፊው ነግራ ነበር። ኃላፊው ቁጥሩን ካወረድሽው ተሳፋሪ ይሸሻል፣ ሕዝብ የሚፈልገው ደህና መሆንን ሳይሆን ደህና ነህ መባልን ነው ብሎ መለሳት። ለዚህ አባባሉ ብቻ ሐውልት ይገባዋል፤ የቆመበት ቦታ ላይ ቢተከል ደግሞ መከበሩም ከቦታው መነሳቱም ባንድ ጊዜ ይሆናል። እሷ ግን በራሷ ጊዜ የማሽኑን ግልባጭ ወስዳ ቀዝቀዝ አደረገችው። የትምክህቱን ልክ የሚያወርድ ስሌት አለ፤ ዘጠና ዘጠኙን ዘጠና ሁለት ያደርገዋል። በጅምላው ቁጥሩ እውነተኛ ሆነ። ችግሩ፣ ማሽኑ ሁሉንም ጎማ እኩል ጠረጠረ። ሁሉን እኩል የሚጠረጥር ሁሉን እኩል ከሚያምን በምን ይሻላል? የትኛው ፉርጎ ይቁም? ማሽኑ የቱ ላይ ማመንታት እንዳለበት እንዲያውቅ አስተማሪው ራሱ የት የት እንዳመነታ መንገር አለበት።

«እኔ?» አለ ጋሽ ያለጥርጥር። «የትም።»

ኮምፒውተሯን ከፍታ የጸዱትን ምቶች አሰማችው። እሱም ቀለም እንደገባው ተማሪ ሳይዘገይ መለሰ፤ ደህና፣ ደህና፣ ስንጥቅ፣ ደህና፤ ሁሉም ያለጥርጥር። መሃል ላይ ሻይ ቀረበ፤ ተጠጣ፤ ተቀጠለ። ሲያልቅ ኢንጂነሯ አንገቷን ደፍታ ከመካከላቸው አንዳንዶቹን ሁለቴ እንዳሰማችው ነገረችው። አንዱን ጎማ ከሻይ በፊት ደህና፣ ከሻይ በኋላ ስንጥቅ ብሎታል።

ጋሽ ያለጥርጥር ጠረጴዛውን በጣቱ መታ። አንዴ። ሁለቴ።

«አየሽው?» አለች ባለቤቱ። «የማያውቀው እንዲህ ሲሆን ነው። ሰው መንገድ ሲጠይቀው፣ ስለ ዝናብ ሲያወራ፣ ልጄን ኩፍኝ ሲይዛት፣ መጀመሪያ ሁለቴ ይመታል፤ ከዚያ ነው አፉ የሚከፈተው። እኔ አፉን መስማት ከተውኩ ቆየሁ፤ እጁን ነው የምሰማው። መዶሻውስ ያው አልነበር? ከዚህ ሆኜ እሰማው የለም እንዴ?»

«ሁለት ምት ያለበት ቅጂ ነበር» አለች ኢንጂነሯ፣ ለራሷ የምትናገር ያህል። «ብዙ ነበር። ድግምግሞሽ መስሎኝ... ሁለተኛውን እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

እነሆ ሊቅነት! አንድ ሰው በዕድሜው የተነፈሳትን ብቸኛ ሐቀኛ ድምፅ እንደ ቆሻሻ ጠርጎ ጥሎ፣ ከዚያ «ጸዳ» ማለት። የሰውየውን ትምክህት አስቀርተው ጥርጣሬውን ጣሉለት፤ ቅቤው ተጥሎ አረፋው ተሸጠ።

ጥሬው ቅጂ ግን አልጠፋም ነበር። ኢንጂነሯ ማሽኑን ከነሁለተኛው ምት እንደ አዲስ ልታስተምረው ተነሳች። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለችና፣ ይህ ሥራ ጊዜ ስለሚወስድ እስከዚያው የሚያሳስበው ጎማ ካለ እንዲነግራት ለመነችው። «የለም» አለ። ልጁ አራተኛው ላይ ናት፤ አራተኛው ደግሞ ደህና ነው። እጁን ኪሱ ከተተው።

ከዚያ በኋላ ጸጥታው ባሰበት። ቀድሞ የጎደለውን ብቻ ነበር የሚሰማው፤ አሁን መቆረጡንም አወቀ። የተቆረጡት ምቶች አንድ ቦታ ተከማችተው ውጭ የቀሩ ሰዎች በር እንደሚያንኳኩት የሚያንኳኩ መሰለው። ከግድግዳው ውስጥ ሰማቸው፤ ከወርቅ ቅቡ መዶሻ ውስጥ ሰማቸው። ባለቤቱ መዶሻውን አውርዳ አልጋ ሥር ከተተችለት። አልጋ ሥር ሆኖ አንኳኳ።

አንድ ጠዋት ልጅቱ ወደ ሥራ ወጥታ፣ ማሽኑ እንደ ወትሮው ሲመታ፣ አንዱ ድምፅ ተለይቶ መጣበት። ዘፈኑን ጀምሮ ግጥሙ ጠፋበት። ጋሽ ያለጥርጥር ሁለተኛውን ጠበቀ። የለም። በነጠላ ጫማው ወጣ፤ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከ፤ ሐዲዱን ተሻገረ። መድረኩ ላይ ሲደርስ በሮቹ ሊዘጉ ነበር። ሦስተኛው ፉርጎ በር ላይ እግሩን ሰዶ ቆመ።

ኃላፊው ፈገግ ብሎ መጣ። «ምነው ጋሼ፣ ጡረታው አልተመችዎትም?»

«ይሄ ጎማ» አለ ጋሽ ያለጥርጥር። «የኋላ ግራው።»

«ምን ሆነ? ተሰንጥቋል?»

«ተሰንጥቋል፤ ያለጥርጥር» ቢል ባቡሩ እዚያው ይቀር ነበር። ቃሏ አፉ ላይ ደርሳለች፤ እንደ ለማዳ ድመት እግሩ ሥር እየተሻሸች ጥሩኝ ትለዋለች። ተሳፋሪው በየመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ዛሬም እሷን ቢጠራ ግን ያ መስኮቱ ውጭ የቆመው ሰው መዶሻውን እንዳነሳ እስከ መቃብር አብሮት እንደሚሄድ ታወቀው። የበሩን ብረት በጣቱ መታ። አንዴ። ሁለቴ።

«አላውቅም» አለ።

ኃላፊው ሳቀ። «ለአላውቅም ባቡር አይቆምም ጋሼ። ማሽኑ ዘጠና ዘጠኝ ብሎታል።»

ያን ጊዜ ከጎን ካለው ከአራተኛው በር አንዲት ሴት ወረደች። ልጁ ናት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ አባቷን ሞቶ እንደ ተነሳ ሰው አየችው። ያቺን ቃል ከሱ አፍ ሰምታ አታውቅም። ቀጥሎ ጎረቤታቸው ወረደ። ባለሱቋ ወረደች። ሰፈሩ ያውቀዋላ! «ደህና ነው» ሲል ሰምተውት የማያውቁ፣ «ተሰንጥቋል» ሲል ደንግጠውለት የማያውቁ ሰዎች፣ «አላውቅም» ሲል ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወረዱ። ማንም አልጮኸም፤ የጫማ ድምፅ ብቻ ነበር። ኃላፊው ከፊቱ የቆመውን ባዶ ባቡር አየ፤ ባዶ ወንበር ደግሞ ንግግር አይሰማም። ባቡሩ ወደ ዴፖ ተመለሰ።

የምርመራው ውጤት ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወጣ። የሦስተኛው ፉርጎ የኋላ ግራ ጎማ እንደ አዲስ ደወል ጤነኛ ነበር። ኃላፊው ይህን ሲሰማ ደረቱ ተነፋ፤ ብዙም ሳይቆይ ተነፈሰ። ኢንጂነሯ ስታስተምረው የሰነበተችው፣ ገና ለሥራ ያልተፈቀደለት አዲሱ የማሽኑ ሞዴል፣ የዚያን ጠዋት ምቶች ሰምቶ፣ ከዚያው ባቡር ሌሎች ጎማዎችንም «እነዚህን አላውቃቸውም» ብሎ ለይቶ ስለነበር ባቡሩ ከቆመ አይቀር እነሱም ተመረመሩ። አብዛኞቹ ደህና ሆኑ። አንዱ ግን ሆዱ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ፣ ወደ መሃሉ የሚያዘግም ስንጥቅ ተገኘበት። አራተኛው ፉርጎ፤ የፊት ቀኝ።

ጋሽ ያለጥርጥር ያን ጎማ አንዴ መትቶ እንዳለፈው ተናገረ፤ ያንን እንኳ ያለ... ብሎ አቆመው። ኢንጂነሯ አልተከራከረችውም፤ ጥሬውን ቅጂ ከፈተችለት። የእግር ኮቴ። ሳል። ድንን። ከዚያ ትንፋሽ፤ የተያዘ፣ ረጅም። ድንን። ከዚያም የገዛ ድምፁ፣ ደልደል ብሎ፣ እንከን የሌለው፦ «ደህና ነው፤ ያለጥርጥር።»

ልጁን ከደህናው ጎማ ላይ አንስቶ እዚያኛው ላይ ያቆማት እሱ ነው።

አሁን ማሽኑ ሲያመነታ ሁለቴ ይመታል። ከደገመ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝቅ ካለ ጎማው ይመረመራል። ኢንጂነሯ እንደምትለው፣ ከአሥሩ ሦስቱ ተሰንጥቀው ይሆናል ሲል ሦስት ያህሉ ተሰንጥቀው ይገኛሉ፤ ከማሽን የሚጠበቀው ሐቅ ይኸው ነው። ኃላፊውም ንግግሩን አድሷል። ማሽናችን ትሑት ነው ይላል፤ ስለ ትሕትናው ቅንጣት ጥርጥር የለውም።

ጋሽ ያለጥርጥር ግን እንቅልፉ አልተመለሰም። ማሽኑ ምቱን የሚደግምበትን ጊዜ የተማረው ከሱ ነው፤ ያችው የተያዘች ትንፋሽ፣ ያችው ክፍተት። ጠዋት ሻዩን ሲያነሳ ከአጥሩ ማዶ እሱ ራሱ ሥራ ላይ ነው፤ ሳይደክም፣ ሳያረጅ፣ ጡረታ ሳይወጣ። ሁለት ምት ሲሰማ ጎረቤቶቹ «ጋሽዬ ሥራ ገብተዋል» ብለው ይስቃሉ። እሱ አይስቅም። የሚደገሙትስ ይሁኑ፤ የሚያስጨንቁት አንዴ ብቻ የሚመቱት ሆነዋል። ልጁ ጫማዋን እያሰረች «አባዬ፣ ዛሬስ የቱ ፉርጎ ይሻላል?» ብላ ትቀልድበታለች። አፉን ይከፍታል፤ ይዘጋል፤ እጁን ያያል።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ያለጥርጥር ብለህ ሰው ያሳፈርክበት አንድ ፉርጎ አይጠፋህም። ጣትህ ያን ጊዜ ምን እያደረገች እንደነበር አታስታውስም፤ አትፈር፣ እሱም አላስታወሰም። አንዲት ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ይህን ወረቀት ከማስቀመጥህ በፊት፣ ያሳፈርከው ሰው ገና መንገድ ላይ ሳለ፣ ጠረጴዛውን አንዴ ምታና...